የቲዩብ ፕሪአምፕ ለአምስት ቀን ቤት ወስዶ መፈተን፦ ለአዳማው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ መያዣ አስይዤ አንድ የቲዩብ ፕሪአምፕ (ከማጫወቻው የመጣውን ምልክት በመስታወት ቲዩብ አስተካክሎ ለፓወር አምፕ የሚያቀብል ዕቃ) ለአምስት ቀን ቤቴ ወስጄ እንድሞክር ፈቅዶልኛል። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። አሁን ያለኝ ፕሪአምፕ 20 ዓመት ያገለገለ የትራንዚስተር ነው። የፓወር አምፔ (ስፒከሩን የሚነዳው ማጉያ) መግቢያ 10 ኪሎ ኦም መሆኑን መመሪያው ላይ አይቻለሁ። ሲዲ ማጫወቻና ሸክላ ማጫወቻ አለኝ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሱቅ ውስጥ ስሰማው የእኔው ከእሱ ጋር የሚወዳደር አልመሰለኝም። ግን ዋጋው ከባድ ስለሆነ ፈራሁ። ቤት ውስጥ እንዴት ልፈትነው?»

ወንድሜ፣ አምስት ቀን ይበቃሃል። የመጀመሪያውን ቀን ግን ለሙዚቃ ሳይሆን ለመብራቱና ለመለኪያው ስጠው። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሰው ጆሮ ስለሌለው አይደለም፤ አንዱ ዕቃ ከሌላው ትንሽ ጮክ ብሎ ስለተከፈተ ነው። ሱቅ ውስጥ የሰማኸው ሌላ ክፍል፣ ሌላ ስፒከር፣ ሌላ ፓወር አምፕ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የፕሪአምፑ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ቤትህ ውስጥ፣ ከነበረህ ጋር እኩል ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መብራቱ። 120 ቮልት የሚል ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ፊውዙ ከዘገየ ደግሞ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከሱቁ ሳትወጣ የውስጥ ትራንስፎርመሩ በ220 ወይም በ240 እንዲሠራ መቀየር ይችል እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ጥሩ ዕቃዎች ሁለት የመግቢያ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር አላቸው፤ ለ120 ጎን ለጎን፣ ለ240 ደግሞ በተከታታይ ይያያዛሉ። የሚቻል ከሆነ ሥራው የነጋዴው ባለሙያ ነው። ፊውዙም አብሮ ይቀየር፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ዕቃው የሚስበው ከረንት በግማሽ ስለሚቀንስ የፊውዙ አምፔርም ግማሽ መሆን አለበት። አንተ ክዳኑን አትንካ። የቲዩብ ፕሪአምፕ ውስጥ ከ200 እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ይኖራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ።

የማይቀየር ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። የቲዩብ ፕሪአምፕ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው የሚበላው፤ ስለዚህ 200 ዋት የተጻፈበት በቂ ነው፣ 300 ቢሆን ደግሞ ቀለል ብሎት ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያሰላው ነገር አለ። ትራንስፎርመሩ ሁልጊዜ 110 አይሰጥም፤ የሚሰጠው የገባለትን ግማሽ ነው። የቲዩቦቹ ማሞቂያ ሽቦ 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ 120 የሚፈልግ ዕቃ 110 ሲያገኝ ማሞቂያው ወደ 5.8 ይወርዳል። ይህ በተለምዶ ከሚፈቀደው የ10 ከመቶ ጉድለት ውስጥ ነው፣ ይሠራል። የቤትህ መብራት ምሽት ላይ 200 ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩ 100 ነው የሚሰጠው፣ ማሞቂያውም 5.25 ይሆናል፤ 17 ከመቶ ጎደለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቲዩቡ በደንብ አይሞቅም፣ ድምፁ ይሰለስላል፣ ቮልቱን የሚያረጋጋው የውስጡ ሬጉሌተርም ቮልት ስለሚያጥረው እምምም የሚል ድምፅ ያሳልፋል። አንተ ደግሞ «ቲዩብ እንዲህ ነው እንዴ?» ብለህ ጥሩ ዕቃ ትመልሳለህ። ስለዚህ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት የሶኬትህን ቮልት በመልቲሜትር ለካ፤ አንዴ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የሰፈሩ ምጣድና ቴሌቪዥን ሁሉ በሚሠራበት ሰዓት። ከ216 በታች ከወረደ ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታቢላይዘር አድርግ። ስታቢላይዘሩ በሪሌይ የሚሠራ ከሆነ ደረጃ ሲቀይር ቀጭ ይላል፤ ያ ቀጭታ በስፒከር ቢሰማህ የፕሪአምፑ ጥፋት አይደለም።

ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ከተለመደው በላይ ይሞቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክዳኑ ላይ እጅህን አሳርፍ፤ አሥር ሰከንድ ማቆየት ካቃተህ አጥፋና ለነጋዴው ደውል። የቀን ሙቀቱ ከባድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ማታ ሞክረው፤ ከላዩም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ከሸክላ ማጫወቻውና ከገመዱ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው። መግነጢሱ ቀጥታ ወደ ካርትሪጁ (መርፌውን ወደያዘው ክፍል) ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግራውንድ (ዕቃውን ከመሬት ጋር የሚያያይዘው የደኅንነት ሽቦ) ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገህ በፌዝና በኒውትራል መካከል፣ ከዚያ በፌዝና በግራውንድ መካከል፣ በመጨረሻም በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ለካ። ጤነኛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ይሆናሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ፌዝና ግራውንድ መካከል 60 ወይም 100 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ግራውንድ የለህም። ያን ጊዜ ማጣሪያ ያላቸው ዕቃዎች የብረት አካላቸው እስከ 110 ቮልት ድረስ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ በእጅህ ጀርባ ስትዳስሰው የሚነዝርህ እሱ ነው። ከረንቱ ትንሽ ነው፣ ግን ሁሉ በርቶ ሳለ አርሲኤ ገመድ (ዕቃዎቹን የሚያገናኘውን የድምፅ ገመድ) ስትሰካ ያ ሁሉ በገመዱ መሃል ሽቦ በኩል ወደ መግቢያው ይገባል። ግራውንድ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስቀብር። የአዳማ አፈር በበጋ ስለሚደርቅ ዘንጉ ጠለቅ ብሎ መግባት አለበት፣ ውኃ የሚያገኝ ቦታ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እስከዚያው ገመድ የምትነቅለውና የምትሰካው ሁሉም ሲጠፋ ብቻ ይሁን፤ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በአንድ ጥሩ ማከፋፈያ አብላ። እምምም የሚለውን ለማስቀረት ብለህ የግራውንዱን ብረት በፕላስተር አትሸፍን፤ ሰው የሚገድል ሥራ ነው።

ያ ድምፅ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ እምምም 50 ኸርዝ ነው፤ ከግራውንድ ዙር (ዕቃዎች በሁለት መንገድ ከግራውንድ ሲያያዙ የሚፈጠር) ወይም ከትራንስፎርመር ቅርበት ይመጣል። ሻከር ያለው ዝዝዝ ግን 100 ኸርዝና ከዚያ በላይ ነው፤ ከዕቃው የኃይል ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደከሙ ካፓሲተሮች ነው። የመጀመሪያው የቤትህ ችግር ነው፣ ሁለተኛው የሻጩ።

ማብሪያ ማጥፊያው ቅደም ተከተል አለው፦ ስታበራ ፕሪአምፑ መጀመሪያ፣ ቢያንስ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፓወር አምፑ። ስታጠፋ ፓወር አምፑ መጀመሪያ። መብራት ድንገት ከጠፋ ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት የፓወር አምፑን ማብሪያ አጥፋ። መብራቱ ሲመለስ ሁለቱ እኩል ከነቁ፣ ቲዩቦቹ እስኪረጋጉ ያለው ግፊት ሁሉ ቀጥታ ወደ ባስ ስፒከሩ ይሄዳል፤ አንድ ድው ይበቃዋል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ብርድ ወደ አዳማ ሙቀት ሲመጣ ውስጡ ላይ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ካርቶኑን ከፍተህ አንድ ሰዓት ተወው። ከዚያ ከፓወር አምፑ ጋር ሳታገናኝ አብራው። አምስት ደቂቃ ከሞቀ በኋላ መልቲሜትሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገህ የመውጫ አርሲኤውን መሃልና ጠርዝ ለካ፣ በግራም በቀኝም። ከ5 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 20 ቢሆን ዲሲ የሚያሳልፍ ፓወር አምፕ በ22 እጥፍ ያበዛውና ስፒከርህ ላይ ግማሽ ቮልት ሊቀርብ ይችላል። በመቶ የሚቆጠር ሚሊቮልት ካየህ የመውጫው ካፓሲተር ዲሲ እያሾለከ ነው፤ ሙዚቃ ሳትሰማ መልሰው።

አሁን የራስህን ፕሪአምፕ እናክብረው። 20 ዓመት ያገለገለ ዕቃ የአርሲኤ መሰኪያዎቹ ኦክሳይድ ይይዛሉ፣ የአዳማ አቧራ ደግሞ የቮልዩም ማዞሪያው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሆኖ ከአዲስ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። አጥፍተህ፣ ነቅለህ፣ መሰኪያዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል በነከርከው ጥጥ እንጨት ጥረግ፤ ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ በትንሹ ነፍተህ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ አዙረው። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚፈልገውን ልዩነት ግማሹን ያገኘዋል። ዋጋው የአንድ ስፕሬይ ነው።

ወደ ዋናው ሥራ እንሂድ። 400 ኸርዝ የሆነ ወጥ ቶን ሲዲ ላይ ቅዳ፤ መጠኑ ከሙሉው 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የወረደ ይሁን። 400 የተመረጠው ርካሽ መልቲሜትሮች ኤሲን አምነህ የምትቀበለው ያህል የሚለኩት ከ40 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ውስጥ ስለሆነ ነው። ቮልዩሙን ዜሮ አድርገህ ጀምር። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች የግራው ስፒከር ቀይና ጥቁር መያዣ ላይ አድርግና ቀስ እያልክ 1.00 ቮልት እስኪያሳይ ክፈት። በ2.83 ቮልት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ1 ቮልት 79 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል፤ ጎረቤትም አይረብሽ፣ ስፒከርም አይጎዳ። የማዞሪያውን ቦታ በቀጭን ፕላስተር ምልክት አድርግበት። ከዚያ አጥፍተህ ሌላውን ፕሪአምፕ አገናኝና ተመሳሳይ 1.00 ላይ አምጣው።

ምን ያህል መቀራረብ አለባቸው? 0.1 ዴሲቤል ማለት በቮልት 1.2 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከ0.99 እስከ 1.01 ውስጥ ከወደቀ ሥራው አልቋል። ግማሽ ዴሲቤል ሲበላለጡ ጆሮ «ይሄኛው ጮክ ብሏል» አይልም፤ «ጠርቷል፣ ሰፍቷል፣ ባሱ ተያይዟል» ነው የሚለው። ለአንዳንዱ ሰው ብዙ ገንዘብ ያስከፈለው ይኸው ግማሽ ዴሲቤል ነው። አንደኛው ፕሪአምፕ ቮልዩሙ ደረጃ በደረጃ የሚዘል ከሆነ፣ እንበል በየ1 ዴሲቤሉ፣ እሱን አስቀድመህ 1 ቮልት አካባቢ ካለው ደረጃ ላይ አቁመውና የወጣውን ቁጥር መዝግብ። ከዚያ ያለ ደረጃ የሚዞረውን ወደዚያ ቁጥር አምጣ። በተቃራኒው ከጀመርክ መቼም አይገጥሙልህም።

እዚያው እያለህ የቀኙንም ለካ። ግራና ቀኝ ከ3.5 ከመቶ በላይ ከተለያዩ ልዩነቱ 0.3 ዴሲቤል አልፏል፤ ዘፋኙ ከመሃል ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ይህን በተለመደው ድምፅህ ብቻ ሳይሆን ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በምትሰማበት ዝቅተኛ ደረጃም ድገመው። ተራ የቮልዩም ማዞሪያዎች ግራና ቀኛቸው የሚለያየው ገና ሲጀምሩ ነውና። እዚህ ላይ የጌይን (ዕቃው ምልክቱን የሚያበዛበት መጠን) ነገር ይመጣል፦ ሲዲ ማጫወቻ ሙሉ ድምፁ ላይ 2 ቮልት ያህል ያወጣል፣ አብዛኛው ፓወር አምፕ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ቮልት ሲገባለት ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። መካከል ላይ 20 ዴሲቤል ጌይን ያለው የቲዩብ ፕሪአምፕ ካስገባህ ምልክቱን አሥር እጥፍ ማብዛት ይችላል ማለት ነው፤ ሳያስፈልግህ። ቮልዩሙ ከዙሩ ሩብ ሳያልፍ ሳሎኑ ይሞላል፣ ሁልጊዜም የምትሠራው ግራና ቀኙ በማይስማማበት ጥግ ላይ ይሆናል፣ ሽሽታውም አብሮ ይጎላል። የምትወስደው ዕቃ የጌይን መቀነሻ ማብሪያ ካለው ዝቅተኛው ላይ አድርግ።

አሁን ጥያቄህ ውስጥ ሳታስበው የጻፍከው ትልቁ ነገር፦ 10 ኪሎ ኦም። ለትራንዚስተር ፕሪአምፕ ቀላል ሸክም ነው፤ ለቲዩብ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። የፕሪአምፑ የመውጫ ኢምፒዳንስ (ለምልክቱ ያለው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ከፓወር አምፑ መግቢያ ቢያንስ አሥር እጥፍ ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ላንተ ከ1 ኪሎ ኦም በላይ የሆነ አይሆንህም። መመሪያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ኪሎ ኸርዝ የተለካ ነው፤ ባስ ላይ ያለውን አይነግርህም። መውጫው ላይ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ካለ፣ በ20 ኸርዝ ብቻውን 8 ኪሎ ኦም ያህል ይቃወማል። ከ10 ኪሎ ኦም ጋር ሲገናኝ 16 ኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ያጣል፣ 20 ኸርዝ ላይ 2 ዴሲቤል፣ 30 ኸርዝ ላይ 1 ዴሲቤል። ያው ፕሪአምፕ 100 ኪሎ ኦም ከሆነ ፓወር አምፕ ጋር ሲገናኝ 1.6 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ምንም አይጎድለውም። ሱቁ ውስጥ የነበረው ፓወር አምፕ እንዲህ ያለ ከሆነ እዚያ የሰማኸው ባስ ቤትህ ላይመጣ ይችላል። ዕቃውም ሻጩም አልዋሹህም፣ ትዳሩ ነው ያልሰመረው።

ይህን በራስህ መልቲሜትር ታያለህ። ሁለቱንም በ400 ኸርዝ 1.00 ላይ ካስተካከልክ በኋላ ቮልዩሙን ሳትነካ 30 ኸርዝ ቶን አጫውት። መልቲሜትሩ በዚህ ዝቅታ ራሱ ሊሳሳት ቢችልም የሁለቱ ስህተት እኩል ስለሆነ ንጽጽሩ ያስኬዳል። የራስህ ፕሪአምፕ 1.00 ላይ ቆይቶ አዲሱ ወደ 0.88 ከወረደ ችግሩ ይኸው ነው። ለነጋዴው ንገረው፤ የመውጫ ካፓሲተሩ ወደ 10 ማይክሮ ፋራድ ከፍ ሊል ይችል እንደሆነ ባለሙያው ይመልስልህ። እምቢ ካለ ይህ ፕሪአምፕ ለአንተ ፓወር አምፕ የሚስማማ አይደለም፤ እዚህ ላይ ማቆም ትችላለህ።

በእግረ መንገድ፦ አንዱን በኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር መሰኪያ)፣ ሌላውን በአርሲኤ አታወዳድር፤ ኤክስ ኤል አር በተለምዶ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። አንዳንድ የቲዩብ ፕሪአምፖች የምልክቱን አቅጣጫ ይገለብጣሉ፤ መመሪያው እንዲህ ካለ የሁለቱንም ስፒከሮች ቀይና ጥቁር አቀያይር።

ድምፅ አልባ ፈተናም አለ። ሲዲውን አቁመህ፣ ቮልዩሙን በምትሰማበት ደረጃ ትተህ፣ ጆሮህን ወደ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠጋ። ቀጭን ሽሽታ የቲዩብ ባሕርይ ነው፤ ከምትቀመጥበት ቦታ ከተሰማህ ግን አይሆንም። በእርሳስ ጫፍ ላስቲክ የፕሪአምፑን ክዳን በስሱ መታ መታ አድርገው። በስፒከሩ ድን እያለ የሚያስተጋባ ከሆነ አንዱ ቲዩብ ማይክሮፎን ሆኗል፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ካለ ከባድ ባስ ጋር ሲገናኝ እየባሰ ይሄዳል። ቲዩቡ ይቀየርልህ፤ ዕቃውን ለመጣል ግን ምክንያት አይደለም።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አዳምጥ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ አሙቀህ። ነገር ግን በየደቂቃው አትቀያይር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ከአዲሱ ጋር ብቻ ኑር። ምን እንደምትሰማ ግን ምረጥ፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከካሴት ተገልብጠው ከዚያም የተጨመቁ ናቸው። የካሴቱ ሽሽታና የተቆረጠው ከፍተኛ ድምፅ ማንኛውንም ፕሪአምፕ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ኦሪጅናል ሲዲ ወይም ያልተጨመቀ ፋይል ተጠቀም።

ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው በገና ነው። በእያንዳንዱ ጅማት ሥር፣ ጅማቶቹን በተሸከመው ድልድይ ላይ፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ አለች፤ ጅማቱ ሲመታ እሷን እየነካ ነው ያ ዝዝታ የሚወጣው። በጥሩ ፕሪአምፕ መጀመሪያ የጣቱ ንክኪ፣ ከኋላው ወፍራሙ ድምፅ፣ በላዩ ላይ ዝዝታው፣ ሦስቱ ለየብቻ ይሰማሉ፤ ዝዝታውም ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይከተለዋል። በደካማው ሦስቱ አንድ ላይ ተጨፍልቀው እንደ ተበላሸ ስፒከር ይንጫጫሉ። የሚመቱትን ጅማቶች አንድ በአንድ ተከታተል። ከዚያ ማሲንቆ ስማ፤ የፈረስ ጭራው ጅማት ላይ ሲፈተግ ያለው ሸካራነት እንዳይለሰልስ። ለስላሳነትን ውበት ብሎ የሚሸጥ ዕቃ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው። ለመሃሉ ደግሞ ሞኖ የተቀዳ የድሮ ሸክላ ወይም የእሱ ጥሩ ቅጂ ይጠቅማል፤ ሞኖ ከሁለት ስፒከር ሲወጣ ልክ መሃል ላይ ጠባብ ሆኖ መቆም አለበት። ከሰፋ ወይም ከተንጋደደ የግራና ቀኙን ልኬት ተመልሰህ እይ።

ባሱ ቢጎተት ፕሪአምፑን ከመክሰስህ በፊት ክፍልህን አስብ። 5 ሜትሩ 34 ኸርዝ ላይ፣ 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል፤ ይህን የትኛውም ፕሪአምፕ አያስተካክልም። ወንበርህን ከኋላ ግድግዳ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት አምጣ። ብሎኬትና ሴራሚክ ከፍተኛውን ድምፅ እየመለሱ ያንጫጩታል፤ በስፒከሮቹና በአንተ መካከል ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ አድርግ። ይህ ሳይደረግ በዚህ ዋጋ ፕሪአምፕ መግዛት፣ በእኔ ፍርድ፣ ጣሪያው ሳያልቅ ኮርኒስ እንደመግዛት ነው።

ሸክላ ማጫወቻህን አትርሳ፤ ብዙ ውድ ፕሪአምፖች የፎኖ መግቢያ (የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ምልክት የሚቀበል) የላቸውም። ከሌለው የፎኖ ማጉያ ለብቻው መግዛትህን ዋጋው ላይ ደምር። ካለው ለኤምኤም (ማግኔቱ የሚንቀሳቀስ) ካርትሪጅ 47 ኪሎ ኦምና 40 ዴሲቤል አካባቢ መሆኑን አረጋግጥ፤ የማጫወቻውን የግራውንድ ሽቦ ከኋላው ቡሎን ጋር እሰር።

አራተኛው ቀን ላይ ወደ አሮጌው ተመለስ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ጆሮ ይደሰታል፣ ደስታውን ከድምፁ ለመለየትም ይቸገራል። ሲሄድ የሚጎድል ነገር ግን ቶሎ ይታወቃል። በገናውን አስቀድመህ አጫውት፤ የጎደለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻልክ ያዘው፣ ካልቻልክ ደግሞ እሱንም ጻፈው።

በዚያው ቀን ማታ የተደበቀውን ፈተና አድርግ። ከሲዲው መውጫ በሁለት የሚከፍል ገመድ ለሁለቱም ፕሪአምፖች አድርስ፤ መውጫቸውን በአንድ ቀላል የአርሲኤ መቀያየሪያ ሳጥን በኩል ወደ ፓወር አምፑ አስገባ። ሁለቱም በርተው ይቆዩ፤ የጠፋ ዕቃ መግቢያ የሲዲውን ምልክት ሊያዛባ ይችላል። እንደገና ቮልቱን በ400 ኸርዝ አስተካክል። ከዚያ የቤተሰብ ሰው ከኋላህ ቁጭ ብሎ በዘውድና ጎፈር እያወጣ ሳጥኑን ያዙር፣ ወረቀት ላይም ይመዝግብ፤ አንተ ሳታይ የትኛው እንደሆነ ተናገር። አሥር ጊዜ። በግምት ብቻ ዘጠኝና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል 1 ከመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ 9 ካገኘህ ልዩነቱ በርግጥ አለ። 8 ቢሆን፣ በግምት ብቻ ስምንትና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል 5.5 ከመቶ ያህል ነው፤ በማግስቱ ድገመው። 5 ወይም 6 ከሆነ በእኩል ድምፅ አልለየኸውም። ያኔ ዕቃውን ለሪሞቱ፣ ለአሠራሩ ጥራት፣ ለመልኩ ልትወድ ትችላለህ፤ ለድምፁ ግን ያን ገንዘብ አትክፈል። በዚያ ገንዘብ ምንጣፉ፣ ግራውንዱና ጥሩ ካርትሪጅ ተገዝተው ይተርፋል።

አምስተኛውን ቀን ለጎደለው ፈተና አስቀምጥ፤ መብራት ጠፍቶ አንዱ ቀን እንደሚበላብህ አስበህ ተነሣ። ልትገዛው ከወሰንክ ከመክፈልህ በፊት የቲዩቦቹን ስም ጻፍና ምትክ አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ፣ ካልተገኘም ነጋዴው አንድ ሙሉ ስብስብ ከዕቃው ጋር ይሰጥህ እንደሆነ ተስማማ። የ220ው ቅየራ በጽሑፍ ይሁን፤ ዋስትናውም ከቅየራው በኋላ እንደሚሠራ ተጽፎ ይፈረም።

ልትመልሰው ከሆነ አጥፍተህ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ቲዩቦቹ ክዳን ሳይከፈት ከውጭ የሚወጡ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንቀል፣ የትኛው ከየትኛው መሰኪያ እንደወጣ በእያንዳንዱ መጠቅለያ ላይ ቁጥር ጻፍ፤ ከውስጥ ከሆኑ ግን አትንካቸው። የራሱን ፎም አስገብተህ በራሱ ካርቶን አሽገው፤ ሲጫን ደግሞ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ላይ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ይሂድ። ሳታሽገው በፊት የሴሪ ቁጥሩንና አራቱንም ጎን ፎቶ አንሳ፤ መያዣህን የምትቀበለው ያንን ፎቶ ከነጋዴው ጋር አብራችሁ እያያችሁ ነው።